ከድንች መደብ ሥር ያገኘሁት ነገርና ቀፎ ውስጥ የሚጮኸው የእሳት እራት

የትክል ድንጋይ ልጅ
መስከረም 18፣ ከምሽቱ 2፡30

እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ አደረሳችሁ። እኔ የምኖረው ጎንደር ከተማ ነው፤ ለበዓሉ ግን ቤተሰብ ጥየቃ ትክል ድንጋይ ሄጄ ነበር። አባቴ የጓሮውን ድንች እያወጣ ስለደረስኩ እኔም ዶማ አንስቼ ገባሁ። ሦስተኛው መደብ ላይ አንድ ጓል ስገለብጥ ውስጡ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። እንዲሁ የተሰነጠቀ አፈር አይደለም፤ በእጅ የተለሰነ የሚመስል፣ ግድግዳው የለሰለሰ፣ እንቁላል ቅርጽ ያለው ጎጆ ነው። ውስጡ ከመሐል ጣቴ የማያንስ፣ ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት የሚመስል ቡናማ ነገር ተኝቷል። መዳፌ ላይ ሳደርገው ጭራው በኩል ተወራጨ። ሕይወት አለው!

አባቴ አየት አድርጎ «የነሐሴው ትል ነው» አለና ሥራውን ቀጠለ። እናቴ እንደምትለው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ድንቹ ላይ ከአውራ ጣት የወፈረ፣ ቢጫ ሆኖ ጎንና ጎኑ ላይ ሰማያዊ ሰረዝ የተጋደመበት፣ ከኋላው ቀንድ ያለው ትል አግኝታ ለዶሮዎቹ ወርውራላቸው ነበር። አውራ ዶሮው ቀረበ፣ አየው፣ ተመልሶ ሄደ።

ሌላም አለ። አጎቴ ጥቂት ቀፎዎች አሉት። በክረምቱ አንድ ሌሊት ከቀፎው ውስጥ የአይጥ ግልገል የመሰለ ጩኸት ሰማ። ሲነጋ ሲከፍተው አይጥ የለም፤ ትልቅ የእሳት እራት ነው ያገኘው። ጀርባው ላይ የሰው የራስ ቅል የመሰለ ምልክት አለበት። አጎቴ ደፋር ሰው ነው፣ ያን ቀን ግን ጠበል ሳይረጭ አላደረም።

ያገኘሁትን ነገር ከነአፈሩ በቆርቆሮ ይዤው መጥቻለሁ። እናቴ ያየችው ትል፣ እኔ ያወጣሁት ነገርና አጎቴ ቀፎ ያለው የእሳት እራት ይገናኛሉ? የሚያውቅ ካለ በዝርዝር ይጻፍልኝ።

የፒያሳው
መስከረም 18፣ ከምሽቱ 3፡05

ወንድሜ ቤትህ ባታስገባው ጥሩ ነበር። እኛ ሰፈር ያ ቀንዳም ትል ይናደፋል፣ መርዝ አለው ነው የሚባለው። ልጆች ካሉ አርቅላቸው።

መምህር ዘባዮሎጂ
መስከረም 18፣ ከምሽቱ 4፡20

የትክል ድንጋይ ልጅ፣ ሦስቱም አንድ ናቸው። እናትህ እጩን፣ ማለትም ትሉን፣ አይታለች፤ አንተ ሙሽሬውን፣ ትሉ ክንፍ ወዳለው የሚለወጥበትን ደረጃ፣ አገኘህ፤ አጎትህ ደግሞ ያደገውን ያዘ። ከእንቁላሉ በቀር ሙሉ ሕይወቱን ቤተሰባችሁ አይቶታል ማለት ነው።

ይህ ነፍሳት ስፊንጊዴ ከሚባለው ቤተሰብ ነው። በዓለም ላይ ከ1400 በላይ ዝርያዎች አሉት። ፈረንጆቹ የጭልፊት ስም ሰጥተውታል፤ ክንፉ ጠባብና ሹል፣ በረራው ፈጣን ስለሆነ ነው። ስፊንክስ የሚለው የሳይንሱ ስም ደግሞ ከትሉ የመጣ ነው፤ ሲደነግጥ የፊት አካሉን አንሥቶ፣ አንገቱን ሰብሮ ዝም ይላል፤ የግብጹን የድንጋይ ሐውልት ይመስላል። የአጎትህ እንግዳ የቤተሰቡ ዝነኛ አባል ነው፣ አኬሮንቲያ አትሮፖስ። የተፈጥሮ ተመራማሪው ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ነው ስሙን ያወጣለት። በአፍሪካ በሰፊው ይኖራል፣ በየዓመቱም ሜድትራኒያንን ተሻግሮ አውሮፓ ይገባል። ሁለት የእስያ ወንድሞች አሉት፣ ስቲክስና ላኬሲስ፤ እነሱ ወደዚህ አይደርሱም።

ለየፒያሳው፦ ቀንዱ ለስላሳ ነው፣ አይወጋም፣ መርዝም የለውም። ቆዳ የሚያሳክክ ጠጉራም አባጨጓሬ ሌላ ነው፤ ይሄኛው ጠጉር የለውም። ሲነኩት መንጋጋውን እያጋጨ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ አጥብቀው ከያዙትም ሊነክስ ይሞክራል። ከዚያ ያለፈ ጉዳት የለውም።

እንስቷ እንቁላሏን አንድ በአንድ ቅጠል ሥር ትጥላለች። ድንች፣ ቲማቲም፣ ትምባሆ፣ አስተናግር፣ የወፍ ቆሎ ሁሉ ይስማማታል። ትሉ አራት ጊዜ ቆዳውን ይለውጣል፤ ሲያበቃ እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። መልኩ ሦስት ዓይነት ነው፦ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ። የአንድ እናት ልጆች ሆነው መልካቸው ሊለያይ ይችላል። መብላቱን ሲጨርስ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ከድንቹ ወርዶ መሬት ለመሬት ይንከራተታል፣ ከዚያ አፈር ውስጥ ገብቶ ያን ያየኸውን ጎጆ ይሠራል። የለሰለሰው ግድግዳ ራሱ በሰውነቱ እየተገላበጠ የደለደለው ነው።

ቆርቆሮውን ጥላ ቦታ አስቀምጠው። አፈሩ እርጥብ ይሁን፣ ጭቃ ግን አይሁን። ሲወጣ የሚወጣበት ሻካራ እንጨት አስደግፍለት፤ ተንጠልጥሎ ክንፉን ካልዘረጋ ተጨማዶ ይቀራል።

የቁስቋሟ
መስከረም 19፣ ከጠዋቱ 1፡15

መምህር እግዜር ይስጥልን። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አጥሬ ላይ ጠምበለል አለ። ሐምሌ ላይ መብራት የጠፋ ማታ በረንዳ ተቀምጬ ቡና እያፈላሁ ነበር። አበባው ላይ አንድ ነገር እየተንሳፈፈ መጣ። አያርፍም። እንደ ክር የቀጠነ ነገር ካፉ አውጥቶ አንዱን አበባ ይነካል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ ሌላውን ይነካል። ከሰል ብርሃኑ ላይ ዓይኑ ፍም መስሎ ይታየኝ ነበር። ይሄ ነው እንግዲህ ቀፎ የሚዘርፈው?

በነጋታው ጠዋት ደግሞ ግድግዳው ላይ ለጥ ብሎ አገኘሁት፣ ማታ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብርድ የመታው፣ ሊሞት የደረሰ መስሎኝ በጣም አዘንኩ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዘሎ ሄደ። ምን ሆኖ ነው?

መምህር ዘባዮሎጂ
መስከረም 19፣ ከቀኑ 7፡40

እትዬ፣ ያዩት ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። የቀፎው ዘራፊ መምጠጫው አጭርና ወፍራም ነው፣ ጠምበለል አበባ ውስጥ አይደርስለትም። አበባ ፊት አየር ላይ ቆመው ረጅም መምጠጫ የሚዘረጉት ሌሎቹ ናቸው። ከነሱ አንዱ አግሪየስ ኮንቮልቩሊ ይባላል፤ መምጠጫው ከገዛ ሰውነቱ ይረዝማል፣ ትሉም የስኳር ድንች ቅጠል ይወዳል። የዚያኛውን ሙሽሬ ያየ ሰው አይስተውም፤ መምጠጫው የሚያድግበት ሽፋን ከፊቱ እንደ ጀበና እጀታ ተቆልምሞ ወጥቷል።

መንቀጥቀጡ ሞት አልነበረም። እነዚህ ነፍሳት ሊበሩ ሲሉ የደረታቸው ጡንቻ መሞቅ አለበት፤ ከ35 ዲግሪ በላይ ካልሆነ ያን ከባድ ሰውነት አያነሣም። የጎንደር የክረምት ማታ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ስለዚህ ክንፋቸውን ሳይዘረጉ በማንቀጥቀጥ ራሳቸውን ያሞቃሉ። ደረታቸውን የሸፈነው ድርብርብ ቅርፊት እንደ ጋቢ ሙቀቱን ይይዝላቸዋል። ያዩት ሊሄድ ሲሰናዳ ነው።

ስለ ጠምበለልም ልጨምር፣ ነገሩ ልቤ ውስጥ ስላለ ነው። ነጭ የሆነ፣ ሲመሽ የሚሸት፣ ቱቦው የረዘመ አበባ ካያችሁ እነዚህን ነፍሳት እየጠራ ነው ብላችሁ ብታስቡ ብዙ አትሳሳቱም። በቀን የሚመጣ ንብ ማሩ አይደርስለትም። ዳርዊን በ1862 እ.ኤ.አ. ከማዳጋስካር የመጣ ነጭ ኦርኪድ ደረሰው፤ ማሩ ያለው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሚረዝም ቱቦ ጫፍ ነበር። አበባውን አይቶ «መምጠጫው እዚያ የሚደርስ የእሳት እራት በዚያ ደሴት መኖር አለበት» አለ። የሳቁበት ነበሩ። ዋላስ የሚባለው ሌላ የተፈጥሮ ተመራማሪ ግን በ1867 ደግፎት፣ የሥነ ፈለክ ሰዎች ኔፕቱን የምትባለውን ፕላኔት ሲፈልጉ በተማመኑበት ልብ ተማምናችሁ ፈልጉት ብሎ ጻፈ። በ1903 የእሳት እራቱ ስም ወጥቶለት ታወቀ፤ ዳርዊን ከሞተ 21 ዓመት ሆኖት ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራለሁ፤ በየዓመቱ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

የማራኪ ተማሪ
መስከረም 19፣ ከምሽቱ 1፡00

መምህር፣ እኔ በቀን ያየሁትስ? ግቢ ውስጥ አበባ ላይ ከቀትር በኋላ እየተንሳፈፈ ነበር፤ ጓደኛዬ ሐሚንግበርድ ነው ብላ ቪዲዮ ቀረጸችው።

መምህር ዘባዮሎጂ
መስከረም 19፣ ከምሽቱ 1፡25

ሐሚንግበርድ አሜሪካ አህጉር ላይ ብቻ ነው ያለው። የቀረጻችሁት ማክሮግሎሰም ከሚባለው ወገን ይመስለኛል፤ በቀን የሚበር ትንሽ ዝርያ ነው። ሌላም በቀን የሚበር አለ፣ ክንፉ እንደ መስታወት ግልጽ የሆነ፣ ወፍራም ንብ የሚመስል፣ ትሉ የቡና ቅጠል የሚበላ። ቪዲዮውን ብትልኪልኝ ቀንድ መሰል አንቴናውን አይቼ እነግርሻለሁ። አንቴና ካለው ወፍ አይደለም።

አናቢ ዘጭልጋ
መስከረም 20፣ ከጠዋቱ 2፡10

የንቡን ነገር እኔ ልናገር። ከአባቴ የተረከብኳቸው ቀፎዎች አሉኝ፣ ሃያ አምስት ዓመት ከንብ ጋር ነኝ። ይሄን የምትሉትን አውቀዋለሁ። እኛ ሌባው እንለዋለን።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሌሊት ነው የሚመጣው። በቀፎው አፍ ዘው ብሎ ይገባል፣ በር ጠባቂዎቹ ዝም! ሌላ ነገር ቢሆን፣ ጉንዳን እንኳ ቢሆን፣ ይረባረቡበት ነበር። ይሄ ግን ገብቶ፣ ማር መጥጦ፣ ሆዱ ተነርቶ ይወጣል። እኔ ባገኘሁበት እገድለዋለሁ፤ የንቤን ድካም ነው የሚወስደው። ደብረ ብርሃን ሥላሴን በ1880 ዓ.ም. ከደርቡሽ እሳት ያተረፉት ንቦች ናቸው ሲባል ነው እኛ ያደግነው፤ ያን ያህል ጦር የመለሰ ንብ አንድ የእሳት እራት እንዴት ያቅተዋል? ይሄን መልሱልኝ።

መምህር ዘባዮሎጂ
መስከረም 20፣ ከቀኑ 6፡30

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ተመራማሪዎችንም ብዙ ዘመን ያስጨነቀ ነው። ዋናው መልስ ሽታው ነው። ንብ በጨለማ ቀፎ ውስጥ ወዳጅና ጠላት የምትለየው በዓይኗ ሳይሆን በሽታ ነው። የዚህ የእሳት እራት ሰውነት ላይ አራት ዓይነት ቅባት ተገኝቷል፤ ዓይነቱም፣ አንዱ ከሌላው ጋር ያለው መጠንም ንቦቹ ራሳቸው ላይ ያለው ነው። እንግዲህ ለበር ጠባቂዋ የገባው ሌላ ንብ ነው። ጦሩ የመጣው እንደ ጠላት ሸትቶ፣ በግርግር ነው፤ ይሄኛው የቤቱን ልብስ ለብሶ ነው የሚገባው።

ሌላው ቆዳው ነው። ጠንካራ በመሆኑ ጥቂት ንቦች ቢነድፉትም ይችለዋል። መምጠጫው ደግሞ አጭር ቢሆንም ጠንካራ፣ ጫፉ ሹል ስለሆነ በሰም የታሸገውን ይበሳል።

ጩኸቱንም ልንገራችሁ። የአንጥረኛ ወናፍ አስቡ። አየር ወደ ጉሮሮው ይስባል፣ አፉ ውስጥ ያለችው ትንሽ ክዳን ትርገበገባለች፣ ሻካራ ድምፅ ይወጣል፤ ከዚያ አየሩን ሲያስወጣ ቀጭን ፉጨት ይሆናል። ድምፁ ንቦቹን ያረጋጋል የሚሉ አሉ፣ አስደንግጦ የሚያስለቅቅ መከላከያ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ በእጅ ሲይዙትም ይጮኻልና።

አንድ ነገር ግን ለይተን እንወቅ። ቀፎ አጥፍቶ የሚሄደው ሰም የሚበላው የትንሹ፣ ግራጫው የእሳት እራት ትል ነው። እሱ ቀፎ ውስጥ እንቁላል ይጥላል፣ እጮቹ ሰፈፉን ድር አልብሰው ይጨርሱታል። ይሄኛው ማር ጠጥቶ ይሄዳል፤ ቀፎ ውስጥ አይወልድም፣ ሰም አይበላም።

አናቢ ዘጭልጋ
መስከረም 20፣ ከምሽቱ 2፡00

ሰም የሚበላውን ትልማ ማን ረስቶት። ደካማ መንጋ ካገኘ በሳምንት ነው የሚጨርሰው። እውነቱን ለመናገር ሌባው ከወሰደብኝ ማር ይልቅ በሰም ትልና በጉንዳን የከሰርኩት ይበልጣል። ግን ማሬን ሲወስድ እያየሁ ዝም ልበል?

መምህር ዘባዮሎጂ
መስከረም 20፣ ከምሽቱ 2፡35

ዝም አይበሉ፣ በሩን ያጥብቡት። የቀፎውን አፍ በጭቃና በእበት ንብ ብቻ እንድታልፍ አድርገው ይምረጉት። ያ ወፍራም ሰውነት በጠባብ በር አይገባም። ንቦቹ ራሳቸው እንዲህ ሲያደርጉ ታይተዋል፤ ከ200 ዓመት በፊት ገደማ ፍራንስዋ ዩበር የሚባል የጄኔቫ ሰው፣ ዓይነ ስውር ሆኖ በረዳቱ ዓይን ንብን ያጠና፣ ይህ የእሳት እራት በበዛበት ወቅት ንቦች የቀፎአቸውን በር በሰምና በሙጫ ሲያጥሩ አስመዝግቧል። ባህላዊ ቀፎ አፉ ሰፊ ስለሆነ ነው የሚበረታባችሁ።

ነርስ ዘአዘዞ
መስከረም 21፣ ከምሽቱ 3፡50

ዘግይቼ ነው ያነበብኩት። ስለ ትሉ አንድ ነገር ልጻፍ፣ በሥራዬ ምክንያት ዝም ማለት አልቻልኩም።

ድንች ወይ ቲማቲም ላይ ይህን ትልቅ ትል ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ማላታይን ፍለጋ ነው የሚሄደው። ማላታይን ነርቭ ላይ የሚሠራ መርዝ ነው። ያለ ጓንት የረጨ፣ በረጨበት ልብስ የዋለ፣ መርዙ የነበረበትን ዕቃ አጥቦ ውኃ የጠጣበት ሰው ምራቁ እየተዝረከረከ፣ እያላበው፣ ትንፋሽ እያጠረው ይመጣል። ልጆችም ይመጣሉ። እኛ ምን እንሰጣለን? አትሮፒን።

አትሮፒን የሚለው ስም አትሮፓ ከሚባል ተክል የመጣ ነው፤ ተክሉም በግሪኮች ተረት የሰውን የዕድሜ ክር የምትቆርጠው የአትሮፖስ ስም ነው የተሰጠው። መምህር አትሮፖስ ብለው ሲጽፉ ደንግጬ ነው ሁለት ጊዜ ያነበብኩት። አስተናግር ውስጥም ያለው መርዝ ይኸው አትሮፒንና ዘመዶቹ ናቸው። ትሉ አስተናግር በልቶ ያድጋል፤ ሰው ግን ፍሬውን ቢበላ ያብዳል፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ አበባው ያምራል ብላችሁ ልጅ ባለበት ግቢ እንዳትተክሉት አደራ።

ለትሉማ መርዝ ምን ያስፈልጋል? መጠኑ ያን ያህል ትልቅ ነው። በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይለቀማል። አንድ ጓሮ ድንች ላይ ሁለት ሦስት ቢገኝ ነው።

የትክል ድንጋይ ልጅ
መስከረም 21፣ ከምሽቱ 4፡15

እህቴ፣ ይሄን ለአባቴ ስልክ ደውዬ አነበብኩለት። ካለፈው ዓመት የተረፈ ጠርሙስ ጎታው ሥር ነበር፤ ነገ አርቆ እንዲያስቀምጠው ነግሬዋለሁ።

ነርስ ዘአዘዞ
መስከረም 21፣ ከምሽቱ 4፡22

ከጎታው ሥር አሁኑኑ ይውጣ፣ ነገ አይባልም። ወንዝም ውስጥ እንዳይጥለው፤ ለግብርና ባለሙያው ያስረክበው።

የጎርጎራ አትክልተኛ
መስከረም 23፣ ከቀኑ 8፡00

እኔ ጣና ዳር ፓፓያ አለኝ። ወንዱ ዛፍ አበባው ቱቦ ነው፣ ነጭ ነው፣ ሲመሽ ይሸታል። መምህር ከላይ የጻፉትን ሳነብ «ይሄማ የኔ ፓፓያ ነው» አልኩ። ልክ ነኝ?

መምህር ዘባዮሎጂ
መስከረም 23፣ ከምሽቱ 1፡10

ልክ ነዎት! ኬንያ ውስጥ ተጠንቷል፤ የፓፓያን የአበባ ዱቄት ከወንዱ ወደ ሴቷ ዛፍ የሚያደርሱት በዋናነት እነዚሁ ናቸው። በጥናቱ መሠረት ማሳው የተፈጥሮ ዱርና ቁጥቋጦ በቀረበው መጠን የሚጎበኙት የእሳት እራቶችም ይበዛሉ። ሴቷ ፓፓያ ማር የላትም፤ እነሱ ወንዱ መስሏቸው ነው ለአጭር ጊዜ የሚነኳት። ያቺ አጭር ንክኪ ፍሬ ትሆናለች። ከማሳዎ ጎን ያለውን ቁጥቋጦ ቢተዉት፣ በምሽትም ባይረጩ ይጠቅምዎታል።

ጋሼ ዘጭልጋም ይህን ቢያስቡልኝ እወዳለሁ። አትሮፖሱ ራሱ ከአበባ ጋር እምብዛም ነው፤ ወገኖቹ ግን ባይኖሩ ብዙ የሌሊት አበባ ፍሬ አያፈራም። ገበሬ ደግሞ ትሉን ሲያይ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም፤ ሁሉንም ነው የሚጨፈልቀው።

የማራኪ ተማሪ
መስከረም 24፣ ከምሽቱ 2፡45

የእሳት እራት ስለሚለው ስም ማንም ባለማንሣቱ ገርሞኛል። እኔ ሁልጊዜ እሳት ወዶ የሚገባ ነበር የሚመስለኝ። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ሌላ ነገር ይላል፦ በፈጣን ካሜራ ሲቀረጹ መብራት ዙሪያ ያሉ ነፍሳት ጀርባቸውን ወደ ብርሃኑ ያዞራሉ። ሌሊት ከመሬት ይልቅ ሰማይ ስለሚደምቅ፣ ጀርባን ወደ ብርሃን መስጠት ማለት ቀና ብሎ መብረር ነበር። አምፖል ሲመጣ ላይና ታች ይጠፋቸዋል፤ እየተጠማዘዙ ይዞራሉ፣ አንዳንዱም ተገልብጦ ይወድቃል። ለዘመናት በኩራዝና በምድጃ ዙሪያ ሲሞቱ ያየናቸው ወደ እሳቱ ናፍቀው ሳይሆን ሰማይ መስሏቸው ነው።

ዓይናቸው እኮ ደካማ አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ አንድ ዝርያ በከዋክብት ብርሃን ብቻ ቀለም እንደሚለይ አሳይተዋል። እኛ በዚያ ጨለማ ሁሉም ግራጫ ነው የሚሆንብን።

ክረምት ላይ በየሆቴሉ ደጃፍ ጠዋት በመጥረጊያ የሚጠረጉትን አያለሁ። የውጭ መብራታችሁን ወደ ቢጫ ብትቀይሩ፣ ከተኛችሁ በኋላም ብታጠፉ ብዙዎቹ ይድናሉ።

የቁስቋሟ
መስከረም 24፣ ከምሽቱ 3፡10

ልጄ ተባረኪ። የበረንዳዬን ዛሬ አጥፍቻለሁ፣ ጠምበለሉ እስኪያልቅ አላበራም።

የትክል ድንጋይ ልጅ
ጥቅምት 11፣ ከሌሊቱ 6፡20

ወጣ! አሁን፣ ዛሬ ማታ!

ሦስት ሰዓት ገደማ ቆርቆሮው ውስጥ መቧጠጥ ሰማሁ። አፈሩን ገፍቶ ሲወጣ እርጥብ፣ ክንፉ ከጥፍሬ ብዙ የማይበልጥ ጭምዳዳ ነበር። እንጨቱ ላይ ወጣ፣ ተንጠለጠለ። ከዚያ ክንፎቹ ዓይኔ እያየ ረዘሙ፤ ውኃ እንደሚሞላበት ስልቻ እጥፋታቸው ተፈታ። የላይኛዎቹ ጥቁር ቡናማ ሆነው እንደ ዛፍ ቅርፊት ተዥጎርጉረዋል፤ የታችኞቹ ግን ደማቅ ቢጫ ናቸው፣ ሆዱም ቢጫና ጥቁር። ጀርባው ላይ ፊቱ አለ። የራስ ቅል ነው ያልኩት አጎቴ ስላለ ነበር። ረጅም ሰዓት ሳየው ቆየሁ፣ አሁን ለኔ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ቁልቁል የሚያዩትን የመላእክት ፊት ነው የሚመስለኝ።

በጣቴ ጫፍ ስነካው ጮኸ። አጎቴ እንዳለው ነው፣ የአይጥ ግልገል። በረንዳ ላይ አወጣሁት፣ መብራቱን አጠፋሁ። መንቀጥቀጥ ጀመረ። እትዬ፣ የእርስዎን አስታውሼ ሳልነካው ጠበቅሁ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ድምፁ ተለወጠ፣ እንደ ማራገቢያ ሆነ፣ ወደ አንገረብ በኩል ሄደ።

መምህር ዘባዮሎጂ
ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 1፡30

እኔ ሃያ ዓመት ሳስተምር ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ጻፍልን፣ ምንም ሳታስቀር።

ወዴት ሄደ ብለህ ማሰብህ አይቀርም። በ2022 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከግማሽ ግራም በታች የሚመዝን የሬዲዮ መሣሪያ ጀርባው ላይ አስረው በትንሽ አውሮፕላን ተከተሉት። ሌሊት የአልፕስን ተራሮች አቋርጦ እስከ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በረረ፤ ነፋስ ሲገፋው ወደ ታች ወርዶ ወይም አቅጣጫውን አስተካክሎ መንገዱን ጠበቀ። ያንተው፣ ላይ አርማጭሆ ይቅር ወይም ቆላ ይውረድ፣ አቅሙ ግን አለው።

አናቢ ዘጭልጋ
ጥቅምት 21፣ ከምሽቱ 1፡45

መምህር፣ እንዳሉኝ የሁሉንም ቀፎ አፍ በጭቃና በእበት መርጌው ነበር። ትናንት ማር ስቆርጥ አንዱ ቀፎ ጥግ ላይ ምን አገኘሁ መሰለዎት፤ ሌባው ራሱ፣ ሞቶ። ከመመረጌ በፊት የገባ መሆን አለበት። ንቦቹ ነድፈው ገድለውታል፣ ነገር ግን ከብዷቸው ማውጣት አልቻሉም። ስለዚህ ዙሪያውን በሙጫ ለብጠውት ነበር፣ ከክንፉ ጫፍ እስከ እግሩ። አይሸትም፣ አልበሰበሰም። በሙጫው ውስጥ የጀርባው ፊት ይታያል።

ሃያ አምስት ዓመት ስገድል ኖሬ እንዲህ ቀርቤ አይቼው አላውቅም ነበር። ከእንግዲህ በሬን አጠባለሁ እንጂ ውጭ ያገኘሁትን አልነካውም። ከፈለጉት ለተማሪዎችዎ ላምጣልዎት፤ ቅዳሜ ለገበያ ጎንደር እገባለሁ።

መምህር ዘባዮሎጂ
ጥቅምት 21፣ ከምሽቱ 2፡05

ጋሼ፣ በጣም እፈልገዋለሁ። ካርቶን ውስጥ ጥጥ አድርገው ይያዙት፣ ሙጫው እንዳይቀልጥ ፀሐይ አያግኘው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ፒያሳ እጠብቅዎታለሁ። ከቻሉ ሙጫውን ያነሡበትን ቁራጭ ሰፈፍም ይጨምሩልኝ፤ ልጆቹ ሁለቱን አብረው ይዩአቸው።